ልዋኝ መርካቶ የሄድኩ ጊዜ

ሰው መርካቶ የሚሄደው ሊሸጥ ወይም ሊገዛ ነው። እኔ የሄድኩት ልዋኝ ነው። ይህን ስናገር ሐይቅ ከተማ ያሉ ጎረቤቶቼ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። መርካቶን ለማያውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማይሄዱ ሰዎች ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ስለ ዕቃው ብዛትና ስለ ሕንፃው ርዝመት ግን ሌላ ሰው ይጠይቁ።

ነገሩ የተነሣው ከአጥር ነው። አባቴ ሐይቁ ላይ በጀልባ ሰው የሚያሻግር ነበር፤ ዋና ያስተማረኝም እሱ ነው። እኔም በተራዬ የሰፈሩን ሴት ልጆች ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሴቶቹ የምንዋኘው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር፤ ትልቅ ሾላ ያለበት፣ ደንገሉ ከመንገድ የሚጋርደው ዳር። ሌላው ዳር የወንዶችና የከብት ነው፤ ሴት እዚያ ልብሷን አውልቃ አትገባም። ዓምና አንድ ባለሀብት የእኛን ዳር ሎጅ እሠራበታለሁ ብሎ በቆርቆሮ አጠረው። ሎጁ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ አጥሩ ግን ጠንካራ ነው። ከዚያ ወዲህ እግሬ የሐይቁን ውሃ ነክቶ አያውቅም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያችን ዓመት የመሰለ ዘመን አላየሁም። ጉልበቴ ታሰረ፣ ጠባዬም ተበላሸ፤ ልጆቼን ያለ ምክንያት መቆጣት ጀመርኩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ጦይባ የደወለችልኝ። ጦይባ የአክስቴ ልጅ ናት፤ አብረን ነው ዋና የተማርነው። መርካቶ ካገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ዘሀራ፣ እዚህ መርካቶ አጠገብ፣ አብነት አካባቢ አንድ ሆቴል አናቱ ላይ የመዋኛ ገንዳ ሠርቷል። ሐሙስና እሑድ ለሴቶች ብቻ ነው። ሴት ላይፍ ጋርድ እየፈለጉ ነው» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ገንዳው ዳር ቆመሽ የሚሰምጥ ሰው ታወጫለሽ። ሌላ ሥራ የለውም። ከአንቺ ወዲያ ማን ሊሆን ነው?»

ደመወዙ ስንት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ ደሴ፣ ከደሴ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተነሣሁ። ለጦይባ ብዬ ስድስት ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ በላስቲክ ዕቃ ይዤ ነበር። ኮምቦልቻን እንዳለፍን ሽታው ወጣ። ረዳቱ መጥቶ «እናቴ፣ ይሄን ነገር ወይ እዚሁ ይብሉት ወይ ጣሪያ ላይ ይውጣ» አለኝ። ጣሪያ ላይ ወጣ። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንቆም ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፤ ዓሣዬን እያሰብኩ የበላሁት ሽሮ አልወረደልኝም። ድልድይ በተሻገርን ቁጥር አንገቴን አስግጌ ወንዙን ሳይ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «የጠፋብዎት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የቱ ጋ ጥልቅ እንደሆነ እያየሁ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ አላናገረኝም።

ጦይባ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ቤት ስንደርስ የዓሣውን ዕቃ ከፈተችና ወዲያው መልሳ ዘጋችው። «የአገሬ ሽታ ነው» ብላ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወስዳ ጣለችው።

ባሏ ጋሼ ሙሄ በርበሬ በረንዳ ውስጥ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸውና መጋዘናቸው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለዩት፤ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ማስነጠስ ጀመርኩ። «በርበሬው እንግዳን ሦስት ቀን ይፈትንና በአራተኛው ይተዋል» አሉኝ እየሳቁ። አልተወኝም። ጋሼ ሙሄ ግን የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኙ፤ ብለምናቸው እምቢ አሉ።

እኛ አገር ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ጓሯችን ድረስ ይገባል ብለን እናማርራለን። ጦይባ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ኮሪደሩ ላይ በርሜል አለ፣ በበርሜሉ ዙሪያ ጀሪካን፣ በጀሪካኑ ላይ ደግሞ ጆግ። ማታ እግሬን ልታጠብ ስል ጦይባ ግማሽ ጆግ ሰጠችኝ። ያቺ ከሾላው ቅርንጫፍ ዘልላ ሐይቁን የምታንቦጫርቀው ጦይባ ውሃ በጆግ ስትለካ አየሁ። አንቺስ የት ትዋኛለሽ አልኳት። «ሰውነቴን ስታጠብ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ የእኔ ዋና እሱ ነው» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ሆቴሉ ሄድን። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከሕንፃው ሥር ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የውሃ ቦቴ ይጠብቃሉ። እኛ በሊፍት ወደ ላይ ወጣን፤ ያ ሁሉ ውሃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተኝቷል። ሰማያዊ ነው። የሐይቅ ሰው ውሃን በሽታው ነው የሚያውቀው፤ ይህኛው የሚሸተው በረኪና ነው። ቢሆንም አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ ከሩቅ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝና ቢያቀርቡልኝ ከነጫማዬ እገባ ነበር።

አላቀረቡልኝም። የገንዳው ኃላፊ ቦርሳዬን አስከፍቶ የዋና ልብሴን በሁለት ጣቱ አነሣው። ሃያ ዓመት የዋኘሁበት የጥጥ ሱሪና ሰፊ ሸሚዝ ነው።

«ጥጥ አይገባም፤ ክሩ ማጣሪያውን ይዘጋዋል። ናይለን ብቻ። ፀጉርም ይሸፈናል» አለኝ።

ፀጉሬን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሸፍኜዋለሁ አልኩት። እሱ የሚለው የላስቲኩን ኮፍያ ነው። ፈተናው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሆነ ነግሮኝ ወደ ሊፍቱ መራን።

ረቡዕን በሙሉ መርካቶ ውስጥ ልብስ ስንፈልግ ዋልን። እዚያ የሌለ ነገር የለም ሲባል ሰምቼ ነበር። የልጅ አለ፣ የወንድ አለ፣ የሴት ተብሎ የቀረበልኝ ግን ተጠቅልሎ መዳፌ ውስጥ የሚገባ ነው። አንዱ የቦንዳ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ «እናት፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ባሕር አይቶ የመጣ ነው» አለኝ። ባሕር ያየው ልብሱ እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ መለስኩለት። ጦይባ እየሳቀች በረንዳ ላይ ወደሚሰፋ አንድ የወሎ ልጅ ወሰደችኝ። የስፖርት ቱታ የሚሠራበት ናይለን ነበረው፤ ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ሸሚዝ እስከ ማታ አደርስልሻለሁ አለ።

እሱ እስኪጨርስ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ያለፈ ያገደመውን የት ነው የምትዋኙት እያልኩ ጠየቅኩ። ልብስ ሰፊው ራሱ «ሐምሌ ላይ እዚሁ ሱቄ ውስጥ፤ ጎርፉ እስከ ጉልበት ይደርሳል» አለኝ። ከአርባ ምንጭ የመጣ ተሸካሚ ሸክሙን አውርዶ ሲያርፍ ጠየቅኩት። «ኧረ እትዬ፣ እኛ አገር የሚዋኘው አዞ ነው» ብሎ ሸክሙን አንሥቶ ሄደ። ምሳ ላይ ጋሼ ሙሄ በልጅነታቸው ድንጋይ ተቆፍሮ የወጣበት ካባ ውስጥ የዝናብ ውሃ ሲጠራቀም ይዋኙ እንደነበር አወሩልን። ስምንት ነበሩ። «ከእኛ ጋር የገባ አንድ ልጅ ግን ሳይወጣ ቀረ። ሰባት ሆነን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ገንዳም ሐይቅም አላማረኝም» አሉ። እንጀራውን ወደኔ እያስጠጉ ነበር የሚናገሩት። እኛ ቤትም እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ግን ምሳ ላይ አናወራውም።

ልብሱ ማታ ደረሰ። ጦይባ መጨማደዱ እንዲለቅ ብላ በመጋዘኑ በር አጠገብ ባለው ገመድ ላይ ሰቀለችው። መልካም ማድረጓ ነበር።

ሐሙስ ጦይባ አብራኝ መጣች። ተፈታኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና ሊዲያ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ቀጭን ናት፤ ዋናውን የተማረችው ገንዳ ውስጥ ነው። የምትፈትነን ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት አሰልጣኝ ናት። ጦይባ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን እንኳ ውሃው ውስጥ አልነከረችም።

ገባሁ። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። ወዲያው ደግሞ አንገቴ፣ ብብቴ፣ ጭኔ መቃጠል ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ የመጋዘኑን ብናኝ የጠጣው ናይለን ውሃ ሲያገኝ በርበሬውን ቆዳዬ ላይ ለቀቀው። ሊዲያ አስነጠሰች። አሰልጣኟ ውሃው ምን ሆኗል ብላ ወደ ማጣሪያው ሄደች። ጦይባ ገብቷት በሻርፗ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቄ መጣ። እየተቃጠልኩ ዋኘሁ። እኛ ራሳችንን ቀና አድርገን ነው የምንዋኘው፤ ሐይቅ ላይ ጀልባም ልጆችም ደመናም መታየት አለባቸው። አሰልጣኟ «ጭንቅላት ወደ ውስጥ!» እያለች ብታፏጭም ርቀቱን ከሊዲያ ቀድሜ ጨረስኩ። ለፈተና ገንዳው ሥር የተጣለውን ከባድ ብረትም በመጀመሪያው ሙከራ ጠልቄ አወጣሁ፤ ሊዲያ በሦስተኛው ሙከራ ነው የተሳካላት። እስከዚህ ድረስ ሥራው የእኔ ነበር።

ከዚያ አሰልጣኟ ሊዲያን መሐል ገብታ የምትሰምጥ እንድትመስል አዘዘቻትና «ያውጧት» አለችኝ።

ከወንበሩ ላይ ረጅሙን ፎጣ አንሥቼ ገባሁ። ፎጣው እስኪደርስላት ብቻ ቀርቤ ጫፉን ወረወርኩላት፤ ያዘች፤ በጀርባዬ እየዋኘሁ ወደ ዳር ጎተትኳት። ውሃ አልጠጣችም፣ አልነካኋትም። ከዚህ የተሻለ አወጣጥ አላውቅም።

«ምን እያደረጉ ነበር?» አለች አሰልጣኟ።

«ማውጣት።»

«በፎጣ?»

«በፎጣ።»

«እሺ፣ ፎጣውን ይዛ እርስዎ ላይ ብትወጣስ?»

«እለቀዋለሁ።»

«ይለቋታል?»

«እስክትደክም። ከዚያ ተመልሼ አወጣታለሁ።»

ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። «እናቴ፣ እዚህ የሚመጣው ሰው ከፍሎ ነው። እስኪደክም ቆመን የምናየው ሰው የለም» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሰይድ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከሠርግ የሚመለስ አንድ ሰው ከአባቴ ጀልባ ወደቀ፤ ሰይድ ዘሎ ገባና በእጁ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሲወጡ የሰውዬው ክንድ ከወንድሜ አንገት አልላቀቅ ብሎ ነበር። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ሲናገር ኖረ። የሚሰምጥን ሰው በእጅህ አትንካ፤ ነጠላም ጋቢም ቀበቶም ይሁን ያገኘኸውን ወርውርለት፤ ጨርቁን ይዞ ከመጣብህ ልቀቅና ራቅ፣ ሲደክም ተመለስ። የጠየቀውንም ያልጠየቀውንም አስተማረ። ልጅህን ያስበላህ አንተ ነህ ብሎ ገበያ መሐል የሰደበውን ሰው እንኳ፣ ልጆቹን ይዞ ሲመጣ ጀልባው ላይ አውጥቶ አስተምሯል።

ይህን ለአሰልጣኟ አልነገርኳትም። ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በርበሬ እያቃጠለኝ፣ ለማላውቃት ልጅ የወንድሜን ሞት አልዘረግፍም አልኩ። አሁን ሳስበው መናገር ነበረብኝ።

ክፉ ሰው አልነበረችም። ሰዓቷን አየችና «አንዴ ልድገምልዎት። ፎጣ የለም። ከኋላዋ ገብተው በብብቷ ሥር በእጅዎ ይያዟት። ይያዟትና ይለፉ» አለችኝ።

«ያዢያት ዘሀራ፣ በቃ ያዢያት!» ጦይባ ከወንበሯ ተነሥታለች።

እንደገና ገባሁ። ሊዲያ መሐል ላይ እጇን ታወራጫለች። አስመሳይ እንደሆነች አውቃለሁ። ከያዝኳት ሥራው የእኔ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሐሙስና እሑድ ውሃ አለ፣ እስካረጅ ድረስ ውሃ አለ። ሁለት ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ክንዴን ዘረጋሁ፤ አልሄደም። ሊዲያ ማስመሰሏን ሳታቋርጥ በሹክሹክታ «ይያዙኝ እትዬ፣ አልከብድም» አለችኝ። አልያዝኳትም። ፊሽካው ተነፋ።

ቀጥሎ እኔ ሰምጬ ሊዲያ አወጣችኝ። በእጇ ነው የያዘችኝ፤ የተማረችውን ሁሉ በትክክል አደረገች። ዳር እስክንደርስ ግን ክብደቴ ወደ ታች ይዟት ይወርድ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከሆቴሉ ደወሉ። ልምዴን እንደሚያከብሩ፣ ለጊዜው ግን ሌላ ሰው እንደመረጡ ነገሩኝ። ጦይባ ሆቴሉን፣ አሰልጣኟን፣ ስምንቱን ፎቅ አንድ በአንድ ሰደበችልኝ። ጋሼ ሙሄ ቅዳሜ እንዳልሄድ ለመኑኝ፤ «አንድ ሳምንት ቆዪ፣ በርበሬው ገና መልመዱ ነው» አሉ። እኔ ግን ትኬት ቆርጬ ነበር።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሊዲያ መጣች። መጋዘኑን እየጠየቀች ነው የደረሰችው። እናቷ አትክልት ተራ ትነግዳለች፤ አንድ ፌስታል ብርቱካን አስይዛ ልካታለች። እያስነጠሰች ፌስታሉን ሰጠችኝና ቆማ ቀረች። ተቀመጪ አላልኳትም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልለምንዎት። እሑድ ሥራ እጀምራለሁ። ትናንት እርስዎን ስይዝዎት ዝም ብለው ሳይታገሉኝ እንኳ ወደ ታች ይዘውኝ ሲወርዱ ፈራሁ። እዚያ የሚመጡት ሴቶች ከእኔ ሁለት እጥፍ ናቸው፤ አንዷ ብታንቀኝስ? የፎጣውን ነገር ያሳዩኝ። የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚለቀቅ።»

አላህ ይይላት፣ ኮርታ ወይም ልታላግጥ የመጣች ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። በአስር ደቂቃ ውስጥ፣ እዚያው በጋሼ ሙሄ ጆንያዎች መሐል፣ አንድ ነጠላ ይዤ ላሳያት እችል ነበር።

«ያለፍሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ የወደቅኩ ነኝ። የወደቀ ሰው ያስተምራል እንዴ? አሰልጣኝሽን ጠይቂ» አልኳት።

«ጠየቅኳት እኮ። በእጅ ያዢ ነው የምትለው።»

«እንግዲያው በእጅ ያዢ።»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። እሺ እትዬ ብላ ስልክ ቁጥሯን ለጦይባ ሰጥታ ወጣች። ብርቱካኑን ግን ተቀብዬ ነበር። ጦይባ ማታ እራት እያቀረበች «አጎቴ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?» አለችኝ። አባቴን ማለቷ ነው። ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ ሙሄ ሻንጣዬን ይዘው መናኸሪያ አደረሱኝ። አንድ ኪሎ ድልህም ሰጡኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ብርቱካኑን አንድ በአንድ ላጥኩ፤ ጣፋጭ ነበር። ስንመለስ ወንዞቹን አላየሁም። ጣርማ በርን ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ለሥራው ብቻ ሳይሆን ለራሴም እንዳዘንኩ ገባኝ። በዚህ ዕድሜዬ በአንዲት ልጅ ላይ ክፋት መሥራት እንደምችል አላውቅም ነበር።

ሐይቅ ስደርስ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ዋኘሽ ወይ አሉኝ። ዋኘሁ አልኳቸው። የበርበሬውን ነገር ነግሬያቸው አብረን ሳቅን። የሊዲያን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ወረቀት ላይ ነው መጀመሪያ የጻፍኩት።

ጦይባ የልጅቷን ስልክ ቁጥር ሻንጣዬ ውስጥ ከታልኝ አገኘሁት። ፎጣው የት እንደሚያዝ፣ በስንት ክንድ ርቀት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚለቀቅ በስልክ ማስረዳት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሐሙስና እሑድ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ገንዳው ውስጥ ሲገቡ፣ ያቺ ቀጭን ልጅ ዳር ላይ ቆማ ስታያቸው ይታየኛል። ስልኬን አነሣለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከተመለስኩ አራት ሐሙስና አራት እሑድ አለፈ። አልደወልኩም።